የዘጠኝ ዓመት ቀጠሮ፦ ከሞገንሰን የኩላሊት ጥናት እስከ መመረቂያ ጽሑፍ

በ1973 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዴንማርክ የስኳር ሕመም ክትትል ያደርጉ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 75 ዓመት የሚደርስ ሰዎች የማለዳ ሽንታቸውን ለምርመራ ሰጡ። በሽንቱ ውስጥ የሚገኘው አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ተለክቶ ውጤቱ ተመዘገበ። ቁጥሩ በዕለቱ ለአብዛኞቹ ትርጉም አልነበረውም። በዘመኑ የተለመደው የሽንት ምርመራ ቢደረግላቸው «ፕሮቲን አልተገኘም» የሚል መልስ ይዘው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ነበሩ። የቁጥሩ ትርጉም የታወቀው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። በኦርሁስ ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪምና ተመራማሪ ካርል ኤሪክ ሞገንሰን ወደዚያው መዝገብ ተመልሶ ከእነዚያ ሰዎች ማን በሕይወት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ኩላሊት እንደተጎዳ አጣራ።

ውጤቱ በ1984 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። ሞገንሰን ትኩረት ሰጥቶ የተከታተላቸው በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ30 እስከ 140 ማይክሮ ግራም አልቡሚን የተገኘባቸውን 76 ሕሙማን ነበር። ይህ መጠን ከጤናማው ከፍ ያለ ቢሆንም ተራው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት የሚያየው አይደለም። እነዚህ ሰዎች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አልቡሚናቸው ዝቅተኛ ከነበረው ሕሙማን ይልቅ ወደ ግልጽ የኩላሊት ጉዳት አምርተው ተገኙ። የሞት መጠናቸውም ከጤናማ አቻዎቻቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳጠሩት፣ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚገድላቸው የልብና የደም ሥር ሕመም ነው። ሽንት ውስጥ የታየው ትንሽ ፕሮቲን የኩላሊትን ብቻ ሳይሆን የመላ የደም ሥሮችን መጎሳቆል ያሳብቃል።

ስለዚህ ግኝት በመማሪያ ክፍል የሚነገረው በአብዛኛው ስለ መለኪያው ረቂቅነት ነው። መለኪያው ግን ከሞገንሰን በፊትም ነበረ። በለንደን ጋይስ ሆስፒታል ሃሪ ኪንና ባልደረባው ጥቂት አልቡሚንን ለመለካት የሚያስችለውን ዘዴ ያሳወቁት በ1963 ነው። ከልኬት ወደ ትንበያ የተሻገረው ተመራማሪ ወደ አንድ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ሲመለስ ነው። የኢትዮጵያ የሕክምናና የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍሎች ከሞገንሰን ሥራ ሊወስዱት የሚገባው ይህንኑ መመለስን ነው። የድኅረ ምረቃ ምርምር ዛሬ የተያዘበት ልማድ ደግሞ ከዚህ የራቀ ነው።

አስቀድሞ የሕመሙን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ሁለቱ ኩላሊቶች በአንድ ቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም አጣርተው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ወደ ደም ይመልሱታል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከሁለት ሊትር እምብዛም አይበልጥም። ጤናማ ማጣሪያ አልቡሚንን አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የማጣሪያው ግድግዳ ይወፍራል፣ ጠባዩም ይለወጣል። የደም ግፊት ሲታከልበት የደከመው ወንፊት የማይገባውን ማሳለፍ ይጀምራል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ብራይት በ19ኛው መቶ ዘመን የኩላሊት ሕሙማንን ሽንት በማንኪያ ይዞ በሻማ እሳት ሲያፈላ እንደ እንቁላል ነጭ ሲረጋ ያየው ይህንኑ ፕሮቲን ነበር። ኪመልስቲልና ዊልሰን ደግሞ በ1936 በስኳር ሕሙማን የኩላሊት ማጣሪያዎች ላይ የሚወጡትን ጉብታዎች ገለጹ። ብራይት በጠና የታመመውን ሰው፣ ኪመልስቲልና ዊልሰን የሞተውን ሰው ኩላሊት አዩ። የሁሉም ምስክርነት የታሪኩ መጨረሻ ላይ የተሰጠ ነበር።

ሞገንሰን ወደ መጀመሪያው የተጓዘው ደረጃ በደረጃ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሕመሙ ገና የተገኘባቸውን ወጣት የስኳር ሕሙማን ሲመረምር የጠበቀውን አላገኘም ማለት ይቻላል፤ ኩላሊታቸው የተለቀ፣ የማጣሪያ አቅማቸውም ከጤናማ ሰው የበለጠ ነበር። ይህ ለሐኪሙ አሳሳች ነው። በክሬያቲኒን ብቻ የሚፈርድ ሰው እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ «ኩላሊትህ ከማንም ይሻላል» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ሞገንሰንና ባልደረቦቹ በ1983 ባሳተሙት ጽሑፍ የሕመሙን ጉዞ በአምስት ደረጃ ከፈሉት፤ ከመጠን በላይ ከማጣራት ተነሥቶ፣ ምልክት በሌለው ረጅም ዝምታ አልፎ፣ ጥቂት አልቡሚን ወደሚታይበት፣ ከዚያም ወደ ግልጽ ጉዳት፣ በመጨረሻም ወደ ኩላሊት መድከም ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ ክብደት ያለው ዝምታው ነው። ለዓመታት ይዘልቃል፤ ሰውየው አያመውም፣ አያብጥም፣ ሽንቱም አይለወጥም።

የደም ግፊት ወደዚህ ታሪክ የገባው ከሁሉ በሚያስገርም መንገድ ነው። ሞገንሰን በ1982 በብሪትሽ ሜዲካል ጆርናል ያሳተመው ጥናት ተሳታፊዎች ስድስት ብቻ ነበሩ። ዛሬ አንድ የማስተርስ ተማሪ ስድስት ሰው ይዞ የምርምር ንድፉን ቢያቀርብ ከገምጋሚዎች ፊት ብዙ አይቆይም። ስድስቱ ግን ሕክምና ከመጀመራቸው በፊትም ሆነ በኋላ ለዓመታት ተደጋግመው የተለኩ ሰዎች ነበሩ። ግፊታቸው ሳይታከም የማጣሪያ አቅማቸው በየወሩ፣ በደቂቃ 1.2 ሚሊ ሊትር ገደማ ይቀንስ ነበር፤ ከታከመ በኋላ ቅነሳው ወደ 0.5 ገደማ ወረደ። ቁጥሩ በወር ሲነገር ትንሽ ይመስላል። የማጣሪያ አቅሙ በደቂቃ 80 ሚሊ ሊትር የሆነ ሰው ወደ 10 እስኪወርድ ድረስ ያለውን ጊዜ ማስላት ግን ነገሩን ይገልጠዋል፤ በመጀመሪያው ፍጥነት አምስት ዓመት ያህል፣ በሁለተኛው ዐሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ጊዜ ይሆናል። ይህ የሰባት ዓመት ልዩነት የተገኘው የዚያን ዘመን ተራ የግፊት መድኃኒቶችን በመስጠት ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሌላው ዴንማርካዊ ሃንስ ሄንሪክ ፓርቪንግ በጥቂት ሕሙማን ላይ ተመሳሳይ ውጤት አሳተመ።

የጥናቱ ጉድለት ግልጽ ነው። የማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፣ ተሳታፊዎቹም በዕጣ አልተመደቡም። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ማነጻጸሪያ ሆኖ ቀርቧል፤ የትናንቱ አቅሙ ለዛሬው ምስክር ነው። የጥቂት ሰዎች የብዙ ጊዜ ልኬት፣ የብዙ ሰዎች የአንድ ቀን ልኬት ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ ሊመልስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ትልልቆቹ ጥናቶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1993 በ409 ሕሙማን ላይ የተደረገው የካፕቶፕሪል ጥናት የሞትን፣ የኩላሊት እጥበትንና የንቅለ ተከላን ድምር አደጋ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳየ። በ1998 የብሪታንያው ሰፊ ጥናት ግፊትን አጥብቆ መቆጣጠር ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር ሕሙማን ያለውን ጥቅም አረጋገጠ፤ በ2001 ሎሳርታንና ኢርቤሳርታን፣ በ2019 ደግሞ ካናግሊፍሎዚን በየተራቸው ተፈተኑ። ለእነዚህ ጥናቶች መንገዱን የጠረገው ሁለት ነገር መታወቁ ነው፦ የጉዳቱ ጉዞ አስቀድሞ ሊታይ ይችላል፤ ግፊትን በማከም ደግሞ ሊዘገይ ይችላል።

ሞገንሰን የተወው ሥዕል ሳይሻሻል አልቀረም። በ2003 ፐርኪንስና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ጥቂት አልቡሚን ከተገኘባቸው የመጀመሪያው ዓይነት ስኳር ሕሙማን ከግማሽ በሚበልጡት ላይ መጠኑ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። አልቡሚን ሳይታይባቸው የማጣሪያ አቅማቸው የሚወርድም አሉ። ትኩሳት፣ ከባድ የጉልበት ሥራና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ቁጥሩን ለጊዜው ከፍ ያደርጉታል። አንዳንዶች ይህን እያነሡ ምርመራው ብዙም አይጠቅምም ይላሉ። ክርክሩ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመራል። ቁጥሩ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ በአንድ ቀን ልኬት መፍረድ ይበልጥ ስሕተት ይሆናል፤ ለዚህም ነው መመሪያዎች ከሦስት ናሙና ቢያንስ ሁለቱ ከፍ ብለው እንዲገኙ የሚጠይቁት።

በኢትዮጵያ ስለ ኩላሊት ሕመም የሚነገረው በአብዛኛው ከመጨረሻው ምዕራፍ ነው። የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚያስፈልገው ሰው ቤተሰቡ ያለውን ሸጦ፣ ዕድርና ጓደኛ አዋጥቶ፣ ገንዘቡ ሲያጥር ወደ ሁለት ያወርደዋል። የእርዳታ ጥሪው ከሰውየው ፎቶ ጋር በየመንገዱና በየስልኩ ይዞራል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ትልቅ ሥራ ነው፤ የእጥበት ማሽን መጨመሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን እዚያ ከሚደርሰው ሰው ብዙው ከዓመታት በፊት በስኳር ወይም በደም ግፊት ክትትል ክፍል በር ላይ ተሰልፎ ያለፈ ነው። በብዙ የክትትል ክፍሎች በየቀጠሮው በባዶ ሆድ ስኳሩ ይለካል፣ ግፊቱ ይለካል፣ መድኃኒት ይታዘዝለታል፣ የሚቀጥለው ቀን ካርዱ ላይ ይጻፋል። ክሬያቲኒን አልፎ አልፎ ይታዘዛል። የሽንት አልቡሚን መጠን ግን በብዙ ቦታ አይጠየቅም፤ ተራው የመመርመሪያ ወረቀት ፕሮቲን ሲያሳይ ደግሞ የዝምታው ዘመን አብቅቷል ማለት ነው።

በዚያው ክፍል ውስጥ አንድ ያልተነካ ሀብት አለ። ሕመምተኛው ዐሥር ዓመት ከተመላለሰ ካርዱ የዐሥር ዓመት ልኬት ይዟል። ነርሷ የዛሬውን ግፊት ስትጽፍ ከላይ ያለውን መስመር ለማየት ጊዜ የላትም፤ ወረፋው ረጅም ነው። ካርዱ ከጠፋ አዲስ ይወጣል፤ ሰውየውም በወረቀት ላይ እንደ አዲስ ሕመምተኛ ይጀምራል። እያንዳንዱ ልኬት ከራሱ በፊት ከነበረው ጋር ሳይገናኝ ይቀራል።

ምርምሩም ከዚህ ልማድ አልወጣም። በስኳር ወይም በደም ግፊት ሕሙማን ላይ ስለሚገኝ የኩላሊት ሕመም የሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች «ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» በሚል ርዕስ የተለመደ ቅርጽ ይዘዋል። የናሙናው መጠን በቀመር ይሰላል። ስርጭቱ 50 በመቶ ተብሎ ሲገመት 384 ይወጣል፤ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲታከልበት 422 ይሆናል፤ ወደ ላይ ለሚያጠጋጋው 423። ይህን ቁጥር የማያውቅ የኅብረተሰብ ጤና ተመራቂ አለ ለማለት ያስቸግራል። ከዚያ ሕሙማኑ በቀጠሯቸው ቀን አንድ ጊዜ ይጠየቃሉ፣ ደምና ሽንት ይሰጣሉ፣ ይሄዳሉ። መረጃ የሰበሰበውም ተማሪ ይመረቃል።

እንዲህ ያለው ጥናት ጥቅም የለውም ማለት ስሕተት ነው። የአንድ ሆስፒታል ኃላፊ ስንት የላቦራቶሪ ግብዓት እንደሚያስፈልግ ለማቀድ ቁጥሩ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ሁለት ከባድ ችግሮች አሉበት። ኬዲጎ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅት ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመምን ሲተረጉም ጉዳቱ ከሦስት ወር በላይ የቆየ መሆን አለበት ይላል። በአንድ ቀን ናሙና ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ቆጠርሁ የሚል ጽሑፍ እንግዲህ የሕመሙን ትርጓሜ ራሱን ሳያሟላ ቆጥሯል። ብዙ ጽሑፎች ይህን በጥናቱ ውስንነቶች ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰው ያልፋሉ። ሁለተኛው የቅደም ተከተል ነገር ነው። የተጎዳ ኩላሊት ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለ ግፊትም ኩላሊትን ይጎዳል። ሁለቱ በአንድ ቀን አብረው ሲገኙ የትኛው እንደቀደመ ለማወቅ መንገድ የለም። «ተያያዥ» የሚለው ቃል ይህን ችግር ሸፍኖ ያሳልፈዋል፤ ምክረ ሐሳቡ ሲጻፍ ግን ቃሉ ቀስ ብሎ «መንሥኤ» ሆኖ ይገኛል።

ተማሪውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ለምርምር የሚሰጠው ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው፣ ገንዘቡም ትንሽ። በዘጠኝ ዓመት የሚመለስ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ተማሪ በምን ይመረቃል? ሞገንሰን ራሱ በአንድ ክሊኒክና በአንድ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ አሥርት ዓመታት የሠራ ሰው ነው። ስለዚህ ለዘጠኝ ዓመት መቆየት ያለበት ትምህርት ክፍሉ ነው፤ ተማሪው አንድ ዙር ሮጦ ዱላውን ያቀብላል።

ይህ ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1986 በቡታጅራ የጀመረው የገጠር ጤና መርሐ ግብር የተመረጡ ቀበሌዎችን ልደትና ሞት እየመዘገበ ተከታትሏል፤ በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ብዙዎች ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪያቸው ጽፈዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በጊልጌል ጊቤ አካባቢ ተመሳሳይ ጣቢያ አላቸው። ተማሪዎቹ ጥያቄያቸው የየራሳቸው ቢሆንም መዝገቡ አንድ ነው፣ ይቀጥላልም። ቤት ለቤት እየዞሩ የሚሠራው ይህ ሥራ ከተቻለ፣ በየሁለት ወሩ በራሳቸው እግር ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታሉ የሚመጡትን የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን መከታተል የሚከብድበት ምክንያት አይታይም።

አሠራሩ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። የመጀመሪያው ዓመት ተማሪ አራት መቶውን ሕሙማን ይመዘግባል፤ የሽንት አልቡሚንና ክሬያቲኒን፣ የደም ክሬያቲኒን፣ በአግባቡ ሁለት ጊዜ የተለካ የደም ግፊት፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ይጽፋል፤ መነሻውን በማጥራት ብቻ ይመረቃል። ሁለተኛው ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ለክቶ ከነበሩት ውስጥ ሥር የሰደደው በእርግጥ የስንቱ እንደሆነ ይናገራል፤ ይህ ብቻውን ከብዙ የስርጭት ጥናቶች የተሻለ መልስ ነው። ሦስተኛው የጠፉትን ይፈልጋል። አራተኛውና አምስተኛው የማጣሪያ አቅም በዓመት ስንት እንደሚወርድ፣ ግፊቱ የተስተካከለለትና ያልተስተካከለለት በስንት እንደሚለያዩ ማስላት ይችላሉ። የአልቡሚን ምርመራ ግብዓት በማይገኝበት ዓመት እንኳ የግፊቱና የክሬያቲኒኑ መስመር ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት።

አንድ ነገር ግን ከ1973ቱ ዴንማርክ ይለያል። ያን ጊዜ ጥቂት አልቡሚን ምን እንደሚያመለክት አይታወቅም ነበር፤ ዛሬ ይታወቃል። ውጤቱን አይቶ ሰውየውን ዝም ብሎ መከታተል ስለዚህ አይፈቀድም። አልቡሚኑ ከፍ ብሎ በድጋሚ የተገኘበት ሕመምተኛ ለሐኪሙ መነገር፣ እንደ ኢናላፕሪል ያለው በአገር ውስጥ የተለመደ መድኃኒት የሚስማማው መሆኑ መታየት፣ ከጀመረም በኋላ ክሬያቲኒኑና ፖታሲየሙ መለካት አለበት፤ ለነፍሰ ጡር ሴት መድኃኒቱ አይሰጥም። በዚህ ሁኔታ ጥናቱ የሚጠይቀው ጥያቄም ይለወጣል። ሕመሙ ሳይታከም ወዴት እንደሚሄድ ሞገንሰንና ሌሎች መልሰውታል። ያልተመለሰው፣ የሚታወቀው ሕክምና በአንድ የኢትዮጵያ ሆስፒታል የክትትል ክፍል ውስጥ ለሕመምተኛው በእርግጥ ይደርሳል ወይ፣ ቢደርስስ ኩላሊቱን ስንት ዓመት ያቆይለታል የሚለው ነው። ይህን ከውጭ አገር ጥናት ላይ መገልበጥ አይቻልም።

እንቅፋት የሚሆነው የፈተና ቦርዱ ሊሆን ይችላል። «ግኝትህ የት አለ?» ተብሎ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ተማሪ፣ የተጣራ መነሻ መዝገብ በራሱ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚበቃ ሥራ እንደሆነ ትምህርት ክፍሉ አስቀድሞ ካልወሰነለት ወደ 422ቱ ይመለሳል። መዝገቡን የሚጠብቅ ቋሚ መምህር መመደብ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን በተማሪው ሳይሆን በትምህርት ክፍሉ ስም ማውጣት፣ ሕመምተኛውም ለዓመታት እንደሚፈለግ ነግሮ ፈቃዱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሁሉም ከባዱ የጠፉትን ማግኘት ነው፤ ቀጠሮ የቀረው ሰው ሞቶ፣ ወደ ጠበል ሄዶ፣ ወይም የመድኃኒት ገንዘብ አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ሦስቱ በስሌቱ ውስጥ አንድ አይደሉም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መዝገቡ ላይ ከሕመምተኛው ስልክ ጎን የአንድ የቅርብ ዘመድና የአንድ ጎረቤት ስልክ መጻፍ አለበት፤ ከዓመታት በኋላ የሚደውለው ሌላ ተማሪ ነውና።